የመጀመሪያ ሳይለንሰር ስትገዙ ከዴሲቤሉ በፊት ጥርሱን እዩ

የመጀመሪያ ሳይለንሰሬን፣ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን የተኩስ ድምፅ ማፈኛ ማለቴ ነው፣ ስገዛ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል፣ ማለትም የድምፅ መጠን፣ ቁጥር። ዝቅተኛውን ቁጥር የያዘውን አነሳሁ፣ ከፈልኩ፣ ይዤ ሄድኩ። ረጅም፣ ከባድ፣ ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር። ጠመንጃዬ ደግሞ ቀጭን በርሜል ያለው የአደን .308 ነው (ቁጥሩ የአረሩ ስፋት በኢንች ነው)። አፈሙዙ ሳይለንሰር የሚጠመዘዝበት ጥርስ ስላልነበረው ጥርስ እንዲያወጡልኝ አንድ ቶርኖ ቤት ሰጠሁ። ሠርተው መለሱልኝ። ለዓይን ሲታይ ያማረ ሥራ ነው። ሳይለንሰሩን አጠበቅኩ፣ ተኮስኩ።

አራተኛው ጥይት ላይ ድምፁ ተቀየረ። ከለመድኩት ድፍን "ዱብ" ይልቅ የሆነ ቀጭን የብረት ድምፅ አብሮት ወጣ። ዒላማው ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ አራተኛው ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው። ጠመንጃውን ባዶ አድርጌ ሳይለንሰሩን ፈታሁትና የፊት ክዳኑን አየሁ። ቀዳዳው በአንድ በኩል ተላጭቷል። አዲስ ጨረቃ የመሰለች፣ የምታብረቀርቅ ቀጭን ጭረት። አረሩ ሲወጣ ክዳኑን ልጦት ሄዷል ማለት ነው። በርሜሉ ላይ የወጣው ጥርስ ትንሽ ጠሞ ነበር፤ በዓይን የማይታይ ጥመት አፈሙዙ ጋ ምንም አይመስልም፣ ሃያ ሳንቲሜትር ወደፊት ስትሄዱ ግን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ በአረሩ ጎን የሚተርፈው ክፍተት ደግሞ ከዚያ አይበልጥም።

ማንም ሰው አልተጎዳም። ግን ያን ቀን የተማርኩት ነገር ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ነው፦ ለመጀመሪያ ሳይለንሰር ዋናው ነገር ድምፁ አይደለም። ጠመንጃችሁ ላይ በትክክል መቀመጡ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ እናንተ ጠመንጃውን ይዛችሁ የምትውሉበት ሁኔታ ነው። ድምፁ ሦስተኛ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕጉ። ኖርዌይና ፊንላንድ ውስጥ አዳኞች ሳይለንሰርን እንደ ተራ የአደን ዕቃ ነው የሚያዩት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934ቱ ሕግ ጀምሮ በፌዴራል መንግሥቱ ዘንድ መመዝገብ አለበት፣ አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ ጭራሽ ይከለክላሉ። ፈጽሞ የማይፈቅዱ አገሮችም አሉ። ስለዚህ የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ መጀመሪያ አጣሩ፣ ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ መለያ ቁጥር የተቀረጸበትን ግዙ። የፈቃዱ ወረቀት ሥራ ሳያልቅ ገንዘብ አትክፈሉ፣ በተለይ ጠመንጃው ላይ የማይቀለበስ ሥራ አታሠሩ።

አሁን ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። የመኪና ማርሚታ የምታውቁ ከሆነ ገብቷችኋል። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከኋላው የሚገፋው የባሩድ ጋዝ ገና ሞቃትና እጅግ የተጨመቀ ነው፤ በአንዴ አየር ላይ ሲፈነዳ ነው ያ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ የሚፈጠረው። ሳይለንሰር ጋዙን በተከታታይ ክፍሎች ውስጥ ያዞረዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ሂራም ፐርሲ ማክሲም የሚባል አሜሪካዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ ሳይለንሰር በፈጠራ መብት ያስመዘገበው። አባቱ ያ የታወቀውን የማክሲም መትረየስ የሠራው ሰው ነው። ልጁ ድምፁን ለማፈን ተነሣ።

ቁጥሩን በቅጡ እንየው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያለ ማፈኛ የመካከለኛ ካሊበር (የአረር ስፋት) ጠመንጃ ተኩስ ከ160 እስከ 170 ዴሲቤል ይደርሳል። ጥሩ ሳይለንሰር ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ይቀንሳል። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይቆጠርም፤ በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ ይቀንሳል። 30 ዴሲቤል ሲቀነስ አንድ ሺህኛ ቀረ ማለት ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ለአጭር ፍንዳታ ድምፅ የጆሮ አደጋ መስመር ተብሎ የሚጠቀሰው 140 ዴሲቤል ነው፣ እናንተ ሳይለንሰር ገጥማችሁ የምትገኙት እዚያው መስመር አካባቢ፣ ጥሩ ሲሆን ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ነው። ስለዚህ የጆሮ መከላከያውን አትጣሉት። በተለይ ዒላማ ተኩስ ላይ፣ አርባና ሃምሳ ጥይት በምትተኩሱበት ቀን።

ሌላው ደግሞ የአረሩ የራሱ ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ.308 አረር ከ800 ሜትር በላይ ይወጣል። ከድምፅ የሚፈጥን ነገር ሁሉ በመንገዱ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ሳይለንሰር ይህን ጩኸት አይነካውም፣ ምክንያቱም ጩኸቱ የሚፈጠረው ከቱቦው ውጪ ነው። ከድምፅ በታች የሚጓዝ ጥይት አለ፣ ለምሳሌ .300 ብላክአውት በዚያ ዓይነት ጥይት ሲተኮስ በጣም ጸጥ ይላል፣ ግን ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። በፊልም የምታዩት "ፉት" የሚል ድምፅ ከመደበኛ የአደን ጥይት አይገኝም። ይህን ካሁኑ ካወቃችሁ ገዝታችሁ አትከፉም።

ወደ ምርጫው እንግባ። መካከለኛ ካሊበር ስንል 6 ሚሊሜትር አካባቢ ካሉት ጀምሮ 6.5 ክሪድሙር፣ .270፣ 7 ሚሊሜትር፣ .308 እና .30-06 ድረስ ያሉትን ነው። እዚህ ክልል ውስጥ ከአንድ በላይ ጠመንጃ ያለው ወይም ወደፊት ሊኖረው የሚያስብ ሰው የ.30 ካሊበር ሳይለንሰር ቢገዛ ነው የምመክረው። የትልቁ ቀዳዳ ትንሹን አረር ያሳልፋል። 6.5 በ.30 ሳይለንሰር ሲተኮስ በልኩ ከተሠራው ጥቂት ዴሲቤል ይጮኻል፣ ያን ያህል የሚያስቆጭ ልዩነት ግን አይደለም። ተገላቢጦሹን ግን አንድ ቀን እንኳ አትሞክሩ። ለ6.5 የተሠራን ሳይለንሰር .308 ላይ መግጠም ማለት አረሩን ብረት ላይ መተኮስ ነው። ሁለቱም ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ጥርስ ሊኖራቸው ስለሚችል ዕቃው ራሱ አያስቆማችሁም፣ ስለዚህ ሁለት ሳይለንሰር ካላችሁ ካሊበሩን በትልቁ በቀለም ጻፉበት።

የአረሩ ስፋት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። .308 እና .300 ዊንቸስተር ማግነም አንድ ስፋት ያለው አረር ነው የሚተኩሱት፤ በ.300 ዊንቸስተር ማግነም ቀለህ ውስጥ ያለው ባሩድ ግን በጣም ይበልጣል። አምራቹ መመሪያው ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፦ የሚፈቅደውን ትልቁን ጥይት እና የበርሜሉን ዝቅተኛ ርዝመት። በርሜል ባጠረ ቁጥር ጋዙ ገና ሳይበርድ በከፍተኛ ግፊት ሳይለንሰሩ ውስጥ ይገባል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ሳታነቡ አትግዙ። ሻጩ "ችግር የለም" ቢላችሁም ራሳችሁ አንብቡ።

ጥርሱ ላይ ልቆይ፣ ልቤ ያለው እዚህ ነው። .30 ካሊበር ላይ በብዛት የምታገኙት 5/8 በ24 የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው የጥርሱ ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። 5.56 ላይ 1/2 በ28። የአውሮፓ የአደን ጠመንጃዎች ላይ በሚሊሜትር የሚለኩትን ኤም14 በ1፣ ኤም15 በ1፣ ኤም18 በ1 ታገኛላችሁ። ኤም14 በ1 ላይ ተጠንቀቁ፤ የክላሽ ዓይነቶቹ ወደ ግራ የሚዞር ጥርስ አላቸው፣ የአደን ጠመንጃዎቹ ደግሞ ወደ ቀኝ። በጉልበት አይሞከርም። የማታውቁት ከሆነ ጠመንጃውን የሠራው ድርጅት መመሪያ ላይ አለ።

ከጥርሱ እኩል የሚታየው ትከሻው ነው። ጥርሱ ሲያልቅ በርሜሉ ሰፋ የሚልበት ቦታ ማለቴ ነው። ሳይለንሰሩ ተጠምዝዞ ሲያልቅ ተደግፎ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው፣ ቀጥ የሚያደርገውም ጥርሱ ሳይሆን ይህ ትከሻ ነው። ትከሻው ንጹሕ፣ ጠርዙ ስለት የወጣለት፣ ለበርሜሉ ቀዳዳ ፍጹም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። መሃል ላይ የሚጨፈለቅ ሮንዴላ አታስገቡ። ሮንዴላው ሲጨፈለቅ በሁሉም በኩል እኩል አይጨፈለቅም፣ ሳይለንሰሩም አብሮት ያጋድላል።

ጠመንጃችሁ ከፋብሪካ ጥርስ ይዞ የመጣ ከሆነ ተገላገላችሁ። ካልሆነ ሥራውን የጠመንጃ በርሜል ለሚሠራ ባለሙያ ስጡ። ለተራ ቶርኖ ቤት አትስጡ፣ ጎበዝ ቢሆንም። ምክንያቱም በርሜል ውጪው እና የውስጥ ቀዳዳው ሁልጊዜ አንድ መሃል የላቸውም። ተራ ቶርኖ የሚይዘው ውጪውን ነው። የበርሜል ባለሙያ ግን ቀዳዳውን ነው መሃል አድርጎ የሚያስረው። የእኔ የጠመመው እንዲያ ነው። ስትሰጡ "ቀዳዳውን ተከትለህ ነው የምታወጣው ወይስ ውጪውን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ላይ ካመነታ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አያያዙ ሁለት ዓይነት ነው። በቀጥታ ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝ አለ፣ በርሜሉ ላይ በሚቀር ትንሽ መያዣ አማካይነት ቶሎ የሚገጠምና የሚፈታም አለ። አንድ ጠመንጃ ካላችሁ ቀጥታውን ውሰዱ። ቀላል ነው፣ አጭር ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ችግሩ እየተኮሳችሁ ሊላላ መቻሉ ነው፣ ስለዚህ በየጥቂት ጥይቱ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ በእጅ ፈትሹት፣ ጓንት አድርጋችሁ። ሦስት አራት ጠመንጃ ላይ የምታቀያይሩ ከሆነ ብቻ ነው ሁለተኛው ዓይነት የሚያዋጣችሁ፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ጠመንጃ መያዣ መግዛት አለባችሁ።

ክብደትና ርዝመት ላይ ሰው ሱቅ ውስጥ ይታለላል። 500 ግራም በእጅ ሲያዝ ምንም አይደለም። አፈሙዝ ጫፍ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤታችሁ ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ ካዝናውን አውጡ፣ በርሜሉ ጀርባ ያለው የጥይት ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይት ሁሉ ከምትሞክሩበት ቤት ይውጣ። ከዚያ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱና ልትገዙ ያሰባችሁትን ሳይለንሰር ያህል እስኪመዝን ውኃ ሙሉበት። አፈሙዙ ጫፍ ላይ በፕላስተር እሰሩት። ቆማችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጉና አንድ ደቂቃ ያዙ። ከዚያ 300 ግራም አድርጋችሁ ድገሙት። እኔ ይህን ከመግዛቴ በፊት ብሞክረው ኖሮ ያን ከባድ ብረት አልገዛም ነበር፤ ጫካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አፍንጫው እየተደፋ፣ ቁጥቋጦ እየያዘው፣ ማታ ክንዴ ዝሎ ነበር የምመለሰው።

ተራምዶ ለሚያድን ሰው የምመክረው ከ17 እስከ 18 ሳንቲሜትር፣ ከ400 ግራም በታች ነው። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ዒላማ ለሚተኩስ ሰው ከባድና ረጅም ቢሆን ግድ የለም፣ እንዲያውም ጠመንጃውን ያረጋጋዋል። በርሜላችሁ 61 ሳንቲሜትር ከሆነና ማሳጠር ካማራችሁ አትቸኩሉ፣ በየ2.5 ሳንቲሜትሩ የ.308 አረር በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ፍጥነት ያጣል፣ ድምፁም ይጨምራል፣ የተቆረጠ በርሜል ደግሞ አይመለስም። መጀመሪያ አንድ የአደን ወቅት እንዳለ ተጠቀሙበት። በነገራችን ላይ ግማሽ አካሉ ወደኋላ በርሜሉን አልፎ የሚለበስ ዓይነትም አለ፤ አፈሙዙን አልፎ የሚወጣው ርዝመት ስለሚያጥር ሚዛኑ ይሻላል። በርሜላችሁ ግን ወፍራም ከሆነ ላይገባላችሁ ይችላል፣ ለኩት።

የተሠራበት ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። በእጅ እያቀባበላችሁ የምትተኩሱ ከሆነ ታይታኒየም። ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ዝገት አያውቅም። ሙቀት ግን ይጠላል፣ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ጥንካሬው ይወርዳል። እያከታተላችሁ የምትተኩሱ ከሆነ የማይዝግ ብረት ወይም ኢንኮኔል የሚባለው የኒኬል ቅይጥ ይሻላል። አሉሚኒየም በጣም ቀላል ነው፣ በአንድ ወቅት ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ይበቃዋል፣ ለልምምድ ሜዳ ግን አይሆንም።

ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ካላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሳይለንሰሩ የያዘው ጋዝ የተወሰነው ወደኋላ ይመለሳል። ቦልቱ፣ ጥይት አስገብቶ ክፍሉን የሚዘጋው ብረት፣ ከለመደው ፈጥኖ ይመለሳል፣ ካዝናውና ክፍሉ ይቆሽሻል፣ ጋዙ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። የግራ እጅ ተኳሾች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። መፍትሔው የጋዙን መጠን የሚያስተካክል ክፍል ማስገጠም፣ ወይም ጋዙን ወደፊት የሚያሳልፍ ዓይነት ሳይለንሰር መምረጥ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይጮኻል፣ ፊታችሁ ግን ይተርፋል።

ሳጥኑ ላይ ስላለው ቁጥር አንድ ነገር ልበል። ማይክሮፎኑ የት ነበር? አፈሙዙ አጠገብ የተለካና ተኳሹ ጆሮ ጋ የተለካ ቁጥር አይወዳደሩም። በርሜሉስ ስንት ነበር? የመጀመሪያዋ ጥይት ተቆጥራለች ወይስ ተትታለች? የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጮኽ ትላለች፣ ሳይለንሰሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከጋዙ ጋር ስለሚቃጠል። ይህ ሁሉ ካልተጻፈ የሁለት አምራቾችን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። ከተቻለ የሚጠቀምበት ሰው ፈልጉና ከጎኑ ቆማችሁ፣ ጆሯችሁን ሸፍናችሁ፣ የእናንተን ጥይት ሲተኩስ ስሙት።

ዕቃው እጃችሁ የገባ ቀን አትቸኩሉ። ጠመንጃው ባዶ ይሁን፣ ቦልቱን አውጡ። የበርሜሉን ጥርስ በጨርቅ ጥረጉት፣ አንዲት የብረት ቅንጣት ትከሻው ላይ ብትቀር ታጣምመዋለች። ሳይለንሰሩን እስኪቆም ድረስ አዙሩት። ከዚያ ለካሊበራችሁ የተሠራውን ቀጥ ያለ የመፈተሻ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ሳይለንሰሩን አሳልፋችሁ በርሜሉ ውስጥ አስገቡት። ጫፉ ላይ ቁልቁል ተመልከቱ። ዘንጉ ዙሪያ ያለው ክፍተት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቀለበት መሆን አለበት። በአንድ በኩል ጠበብ ቢል ሳይለንሰሩን ፍቱና እንደገና አጽድታችሁ ግጠሙ። አሁንም ከጠበበ አትተኩሱ፣ ባለሙያ ይየው። ዘንጉ ርካሽ ነው፣ ሳይለንሰር ስትገዙ አብራችሁ ግዙት፣ እኔ አላደረግኩትም ነበር።

ዘንጉ ካማረ አንድ ጥይት ተኩሱ። ባዶ አድርጋችሁ የፊት ክዳኑን ቀዳዳ እዩ። ጭረት ከሌለ ሁለት ተኩሱ፣ እንደገና እዩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዒላማ የምትሄዱት። አምስት ያለ ሳይለንሰር፣ አምስት በሳይለንሰር፣ ፈትታችሁ ገጥማችሁ ደግሞ አምስት። የሚመታበት ቦታ መዛወሩ አይቀርም፣ ቀጭን በርሜል ላይ ደግሞ ይብሳል። መዛወሩ ችግር አይደለም። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ መዛወሩ ነው የሚፈለገው። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ የሚል ከሆነ አቀማመጡ ላይ ወይም አጠባበቁ ላይ ችግር አለ። ማነጣጠሪያውን በሳይለንሰር አስተካክሉና እንደዚያው ተጠቀሙበት።

ግለቱን አትናቁ። ከአስር ጥይት በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ ጠመንጃ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፣ ይቀልጣል። እየጋለ ሲሄድ ከላዩ የሚነሳው ሙቀት በማነጣጠሪያ መነጽሩ ውስጥ ዒላማውን እንደ ውኃ ያወዛውዘዋል። ለዚያ ጨርቅ መሰል ሽፋን አለ፣ ርቀት የሚተኩስ ሰው ይግዛው።

ቤት ስትመለሱ ሳይለንሰሩን ከጠመንጃው ላይ ፍቱት። ይህን ሰው ይረሳል። ባሩድ ሲቃጠል ውኃም ይፈጠራል፤ ሳይለንሰሩ ሲበርድ ያ እንፋሎት ውስጡ ውኃ ይሆንና ቆሻሻውን ይዞ ወደ በርሜሉ ይወርዳል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል አፈሙዙን ለማዛግ። ፈትታችሁ ደረቅ ቦታ አቁሙት፣ በርሜሉን ጥረጉና ቀለል ያለ ዘይት ቀቡት፣ ከመተኮሳችሁ በፊት ደግሞ ዘይቱን አድርቁት።

ማጽዳቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። የጠመንጃ ሳይለንሰር ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙውን ቆሻሻ ራሱ ያስወጣል። ጓንት አድርጉ፣ ጥላሸቱ ውስጥ እርሳስ አለ። አሉሚኒየም ያለበትን በጠንካራ ኬሚካል አትዘፍዝፉ። አዲስ ሳለ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑትና ግራሙን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። የእኔ አሁን ያለው ታይታኒየም ሲገዛ 342 ግራም ነበር። ከዓመት በኋላ 361 ሆነ፣ 19 ግራም ጥላሸት ማለት ነው። አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ አጠብኩት፣ 345 ላይ ሲደርስ ተውኩት።